ከፍትፍቱ ፊቱ፦ የሚታየው ፊት ከሚሰማው ድምፅ ሲስማማ

ሰሞኑን አንድ የምግብ ቤት ማስታወቂያ አየሁ። አንዲት ቆንጆ ልጅ ሳህን ይዛ ፈገግ ብላለች። ከሥሯ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ተብሎ ተጽፏል። ደሜ ፈላ። አባባሉ ከቁንጅና ጋር ምን አገናኘው?

ልጅ ሆኜ ጎጃም ውስጥ፣ ቢቸና አካባቢ አያቴ ቤት እቀመጥ ነበር። መሸት ሲል መንገደኛ ደጃፍ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ የሚደርሰን ድምፁ ነው። «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ ቤት ለእግዚአብሔር!» አያቴ ከውስጥ ሆና «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ!» ትላለች። ውሻው ይያዛል። እንግዳው መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ ይሞቅና እግሩ ይታጠባል። ከዚያ ፍትፍቱ ይቀርባል። ብዙ ጊዜ የሽሮ ነው፤ በጾም ደግሞ ቅቤም የለው። አያቴ ግን ቁጭ አትልም። ኩራዙን ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። «ይብሉ እንጂ! በሞቴ! አፈር ስሆን!» እንግዳው «ኧረ በቃኝ» ይላል። ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። እንደገና ይጎርሳል።

እኔ አባባሉ የተወለደው እዚያ ኩራዝ ሥር ነው ባይ ነኝ። ቀን ቢሆን ፊት ከሩቅ ይታያል። ማታ ግን ቀድሞ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ፊት ይከተላል፤ ምግብ መጨረሻ ነው። «ይብሉ» ማለት ለማንም አይከብድም። ይሉኝታ የያዘው እንግዳ በጨለማ የሰማውን ድምፅ በብርሃን ከሚያየው ፊት ጋር ያስተያያል። ከተስማሙለት ሽሮውም ይጣፍጠዋል። ካልተስማሙ ዶሮ ወጥም አይዋጥለት። ሸዋም ወሎም ይሉታል፤ እኔ ግን ለጎጃም እሰጠዋለሁ።

ይህ ማስተያየት በሰው ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የአንጎል ተመራማሪዎቹ አሲፍ ጋዛንፋርና ኒኮስ ሎጎቴቲስ ጀርመን ውስጥ ሪሰስ ለሚባሉ ጦጣዎች ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን አሳዩ። በአንዱ ጦጣው በሰላም ይጣራል፤ በሌላው ያስፈራራል። የሚሰማው ድምፅ ግን የአንዱ ብቻ ነው። ጦጣዎቹ ማንም ሳያሠለጥናቸው ከድምፁ ጋር የሚሄደውን ፊት ረዘም አድርገው ተመለከቱ። በ2005 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሚገርም ነገር አሳዩ። ድምፅ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ራሱ፣ ፊቱ አብሮ ሲታይ ምላሹ ይለወጣል። ጆሮ ብቻውን አይሰማም ማለት ነው። ሰውም ያው ነው። «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ጋር ሲቀርብለት ብዙ ሰው «ዳ» ብሎ ይሰማል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የታወቀ ነው። አያቴ ይህን ሁሉ አላነበበችም። ኩራዙን ግን ከፊቷ አታርቅም ነበር።

ዛሬ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ «ብሉ እንጂ፣ ተጫወቱ» የሚል ጋባዥ በዝቷል። በዓል ነው ብሎ ጥሬ ሥጋ ያቀርባል፤ ቢራ በሳጥን ይደረድራል። እንግዳው ለወጉ ቀምሶ ይነሳል። ከዚያ «ምነው ምግቡ አልጣፈጠም እንዴ?» ብሎ ወጥ የሠራችውን ይቆጣል! ምግቡማ ምን ሆነ? ስልኩን ኪሱ ይክተትና፣ ቀና ብሎ እያየ ይጋብዝ።