የአሜሪካ ማስል ካሮች፦ ኦሪጅናልነት፣ ወረቀትና ዋጋ

ማስል ካር የሚባሉት በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ፣ ትልቅ ቪ8 ሞተር የተጫነባቸው በአብዛኛው ባለ ሁለት በር መኪኖች ናቸው። የመጀመሪያው የቱ ነው በሚለው ላይ ክርክር አለ፣ ግን ነገሩን ያስጀመረው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። የፖንቲያክ ባለቤት ጂኤም በዛ ሳይዝ መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፣ የፖንቲያክ መሐንዲሶቹ እነ ጆን ዴሎሪያን ግን ባለ 389ኙን በኦፕሽን ስም አሾልከው አስገቡትና በዛው ዓመት ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠ። በ1970 ጣራ ነካ፣ ከዛ ኢንሹራንስ ተወደደ፣ የጭስ ሕግ መጣ፣ በ1973 የነዳጅ ችግር ተጨመረና አበቃ።

ዛሬ ዋጋውን የሚቆርጠው የቀለሙ ማብረቅረቅ ሳይሆን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሞተርና ካምቢዮ አሁንም አሉ ወይ የሚለው ነው፣ ነምበርስ ማቺንግ ይሉታል። እኛ አገር ሊብሬው ላይ ሻንሲ ቁጥርም ሞተር ቁጥርም ይሰፍራል፣ እዛ ግን ታይትሉ ላይ የሚጻፈው ባብዛኛው የሻንሲ ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ሞተሩን ማጣራት የገዢው ጣጣ ነው።

በዚህ በኩል አስቸጋሪው ሼቭሮሌት ነው። ከ1972 በፊት ሻንሲ ቁጥሩ ቪ8 ነው ከማለት አልፎ የትኛው ቪ8 እንደሆነ አይናገርም። የ1970 ሼቬል ኤስኤስ ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ኤልኤስ6 ሞተር፣ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከተራው ሼቬል ማሊቡ ጋር በዋጋ አይገናኝም፣ ሻንሲ ቁጥራቸው ግን ስለማይለያቸው ማሊቡውን ገዝቶ ኮፈንና ባጅ ቀይሮ ኤስኤስ ነው ማለት ለጎበዝ ጋራዥ ከባድ አይደለም። ማስረጃው ሞተሩ ላይ ነው። በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ብቅ ያለች ጠባብ ጠፍጣፋ ቦታ አለች፣ የሞተሩ ኮድና የሻንሲ ቁጥሩ መጨረሻ የተመታው እዛ ነው። የፋብሪካው ማሽን ላይዋ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ትይዩ ጭረቶች ትቶ ያልፋል፣ ቦታው ተልጎ ቁጥሩ እንደገና ከተመታ ጭረቱ ይጠፋል። የገባው ገዢ ባትሪ አብርቶ አጎንብሶ ከቁጥሩ በፊት ጭረቱን ነው የሚያየው። ጭረት ጠፋ ማለት ግን ሁሌ ማጭበርበር አለ ማለት አይደለም፣ ሞተር በሥርዓቱ ሲታደስም ይላጋል።

ክራይስለር ይሻላል፤ የ1970ና የ71 ዶጅና ፕሊማውዝ ላይ የሻንሲው 5ኛ ፊደል አር ከሆነች ከፋብሪካ የገባው ሄሚ የሚባለው ባለ 426 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ነው፣ በዛ ላይ ፓራፋንጎው ውስጥ የታሰረች ኮድ ያለባት ቆርቆሮ አለች፣ ሠራተኞቹ መኪናውን የገጣጠሙበት ወረቀትም አንዳንዴ ከወንበሩ ስፕሪንግ ሥር ተሰክቶ ይገኛል። ፎርድ ከ1967 ጀምሮ ለተሠሩት ማርቲ ሪፖርት የሚባል፣ ከፋብሪካው መዝገብ የሚወጣ ማስረጃ አለው። የፖንቲያክን ያህል ግን ወረቀቱን ያከበረ የለም፣ ፒኤችኤስ የሚባለው ድርጅት ከ1961 እስከ 1986 ያሉትን የፋብሪካ ሰነዶች ቅጂ ይዞ ሻንሲ ቁጥር ለላከለት ሰው እያንዳንዱን ኦፕሽን ያወጣለታል።

ዋጋው ላይ፣ የ1971 ፕሊማውዝ ሄሚ ኩዳ ኮንቨርቲብል (ጣሪያው የሚከፈት) 11 ብቻ ነው የተሠራው ይባላል፣ አንዱ በ2014 ሲያትል ጨረታ ላይ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ቡሊት በተባለው ፊልም ላይ የነዳት የ1968 ሙስታንግ ከነኮሚሽኑ በ3.74 ሚሊዮን ተሸጠች፣ ያውም ሳትታደስ፣ ዝገቷም እንዳለ። የፊልሙ ስም አግዟታል፣ ግን ያልተነካ መኪና የሚፈልገው ሰው እየበዛ መምጣቱ እውነት ነው። አንዳንድ አዳሽ ቀለሙን መስታወት እስኪመስል ይወለውለዋል፣ ፋብሪካው እንኳን እንደዛ አድርጎት አያውቅም፣ ኦሪጅናል ነው ለማለት ይከብዳል።

ክሎንን፣ ማለትም ውዱን አስመስለው የሠሩትን ተራ መኪና፣ ክሎን ነው ብሎ የሚሸጥ ላይ ማንም ቅር አይለውም፣ መንዳት ለሚፈልግ ሰው እንዲያውም ርካሹ መንገድ ነው። ጣጣው የሚመጣው መኪናው ሁለት ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ክሎን መሆኑን የሚናገር ሰው ጠፍቶ ባጁ ብቻ ሲቀር ነው።