ሜሪ ሱ ማን ናት?

መቶ አለቃ ሜሪ ሱ ዕድሜዋ ገና 15 ዓመት ተኩል ነው። በጠፈር መርከቦቹ ሠራዊት ውስጥ እንደ እርሷ በለጋነቱ ለዚህ ማዕረግ የበቃ የለም። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ከርክ ገና እንዳያት ፍቅሩን ይገልጽላታል። እንደዚያ ዓይነት ሴት አለመሆኗን ስትነግረው ደግሞ ይበልጥ ያከብራትና፣ ቡና ይዤ እስክመለስ መርከቧን ጠብቂልኝ ብሏት ይሄዳል። ባልደረቦቿ ሲታሰሩ የእስር ቤቱን ቁልፍ በፀጉር ማስያዣዋ ትከፍታለች። ባልደረቦቿ ሲታመሙ መርከቧን ራሷ ትመራለች፤ በዚህም የኖቤል የሰላም ሽልማት ታገኛለች። በመጨረሻ ትሞታለች፣ ሁሉም ያለቅሱላታል፣ የልደቷ ቀንም በመርከቧ ላይ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት አንቀጾች ነው።

ታሪኩን የጻፈችው ፓውላ ስሚዝ ናት። የወጣውም በ1973፣ ከሻሮን ፌራሮ ጋር ታዘጋጀው በነበረው «ሜናጀሪ» በተባለ የአድናቂዎች መጽሔት ላይ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ ስላቅ ነበር። በዚያ ዘመን ካፒቴን ከርክ ዋና ጀግናው የሆነበትን «ስታር ትሬክ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ የሚወዱ ሰዎች የድራማውን ዓለምና ገጸ ባሕርያት ተውሰው የራሳቸውን ታሪክ ይጽፉ፣ በእንዲህ ዓይነት መጽሔቶችም ያወጡ ነበር። ዛሬ ፋን ፊክሽን የምንለው ይኸው ነው። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ስሚዝ ደግሞ አንዲት አዲስ ወጣት ወደ መርከቧ ገብታ ሁሉንም የምታስከነዳበት ታሪክ ደጋግሞ ሲደርሳት ሰልችቷት ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ሜሪ ሱ» ማለት እንከን የማይገኝባት፣ ሌላው ሁሉ የሚያደንቃት፣ ከጀርባዋ የደራሲዋ ምኞት ወለል ብሎ የሚታይ ገጸ ባሕርይ ሆነ። ለወንዱም «ጋሪ ስቱ» እና «ማርቲ ስቱ» የሚሉ ስሞች ወጥተውለታል፤ እንደ ሴቷ ስም ግን አልተዘወተሩም። ይህን ልብ ይሏል።

እንደ ትችት ከታየ ስያሜው ቁም ነገር አለው። የሜሪ ሱ ጥፋት ጎበዝ መሆኗ አይደለም። እርሷ ጎልታ እንድትታይ ሌሎቹ ሁሉ መደንዘዛቸው ነው፦ ብልሁ ሞኝ ይሆናል፣ ጠንቃቃው ይዝረከረካል፣ የተቆለፈው በር የሚከፈተው እርሷ ስትመጣ ብቻ ነው። ታሪክ እንዲህ ሲጻፍ አንባቢ ይሰለቻል፤ ደራሲዋ የ13 ዓመት ልጅ ብትሆንም የ50 ዓመት ጎልማሳ ብትሆንም ያው ነው።

ጭቅጭቁ የተነሣው ስያሜው ከታሪኩ አልፎ ሰውን መምታት ሲጀምር ነው። ካሚል ቤከን ስሚዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የስታር ትሬክ አድናቂ ሴቶችን አጥንታ በ1992 ባሳተመችው ሥራ፣ ሜሪ ሱ ጽፈሻል መባልን መፍራት አንዳንድ ጸሐፊዎችን እስከ ዝምታ እንዳደረሳቸው ገልጻለች። አንዷ ጸሐፊ በታሪኳ ውስጥ ሴት ባስገባች ቁጥር ሰዎች ወዲያው «ሜሪ ሱ» እንደሚሏት ተናግራለች። መፍትሔው ታዲያ ምን ሆነ? ስለ ወንዶች ብቻ መጻፍ። በሴቶች የተመሠረተ የጽሑፍ ዓለም፣ ሴት ገጸ ባሕርይን በር ላይ አቁሞ የሚፈትሽ ሆነ።

ኢንተርኔት ሲመጣ ፍተሻው መጠይቅ ተዘጋጀለት። የገጸ ባሕርይሽ ዓይን ቀለም ያልተለመደ ነው? ስሟ ለየት ይላል? ትዘፍናለች? ወላጆቿ ሞተዋል? ለእያንዳንዱ «አዎ» ነጥብ ይቆጠራል፣ ድምሩ ከፍ ካለ ገጸ ባሕርይዋ ተፈረደባት። በዚህ መስፈርት ብንሄድ ከታወቁት የጀብዱ ጀግኖች ስንቱ ይተርፍ ነበር? ከርክ ራሱ በየሳምንቱ ጠላቱን እያሸነፈ፣ በየፕላኔቱ ሴቶች እየወደዱት ሲኖር ድራማው ድራማ ነው ተብሎ ታለፈ። በ1987 በጀመረው ተከታዩ ድራማ ደግሞ ዌስሊ የሚባል ሊቅ ታዳጊ መርከቧን ከአደጋ ሲያድን እናያለን። የስታር ትሬክ ፈጣሪ ሙሉ ስሙ ዩጂን ዌስሊ ሮደንቤሪ ነው፤ ለዚህ ገጸ ባሕርይ የሰጠው የራሱን የመካከል ስም ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ተመልካች ዌስሊን አልወደደውም። ቢሆንም ሮደንቤሪ ምኞቱን የጻፈው ደመወዝ እየተከፈለው ነበር፤ እነዚያ ልጃገረዶች የጻፉት ግን በነጻ፣ ለጥቂት ጓደኞቻቸው ነው።

በ2015 የስታር ዋርስ ፊልም ሬይ የተባለችውን ወጣት ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ ሲመጣ ቃሉ ከአድናቂዎች መንደር ወጥቶ የአደባባይ መከራከሪያ ሆነ። ሳትሠለጥን እንዴት ይህን ሁሉ ቻለች ተባለ። ጥያቄው በራሱ ነውር የለውም። ብቻ በ1977 በወጣው የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም ከበረሃ እርሻ የመጣው ሉክ በመጀመሪያ የጠፈር ውጊያው ግዙፉን የጠላት ምሽግ ሲያፈነዳ ጠያቂው ምነው ጠፋ?

ነገሩ ከሴትነትም ይሰፋል። አኑፓም ቻንደርና ማዳቪ ሰንደር የተባሉ የሕግ ምሁራን በ2007 ሜሪ ሱን ደግፈው ተከራክረዋል። በታወቁት ታሪኮች ውስጥ ቦታ ያልተሰጣቸው ሰዎች ራሳቸውን ወደ መካከል የሚያስገቡበት መንገድ ናት ባዮች ናቸው። እኔም ከሁሉ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። የምትወደው ታሪክ ውስጥ አንተን የሚመስል ሰው ካለ እርሱን ወስደህ ትጽፋለህ፤ ማንም አይጠይቅህም። ከሌለ ግን አዲስ ሰው ፈጥረህ ማስገባት ግድ ይሆንብሃል። «ራስህን ነው የጻፍከው» የሚለው ክስ የሚጠብቀውም እዚያው ነው። ፍርዱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ዱላው የሚያርፈው ድሮም በታሪኩ ባልነበረው ላይ ነው።

ዛሬ ቃሉ እንደ ቀድሞው አያስፈራም። በፋን ፊክሽን ድረ ገጾች አንባቢዋን ራሷን በ«አንቺ» ጠርተው ጀግና የሚያደርጉ፣ የስሟን ቦታ እንድትሞላው ባዶ የሚተዉ ታሪኮች ተበራክተዋል። ሜሪ ሱ ይቅርታ ሳትጠይቅ ተመልሳለች ማለት ይቻላል። አዲስ ቅሬታ ግን ይዛ መጣች። ስሙ ባዶ ነው፣ ከታች ግን «ጉንጭሽ ቀላ»፣ «ጣቶቹ በፀጉርሽ መሀል ተንሸራተቱ» ይላል። ቆዳዋ ጥቁር፣ ፀጉሯ ጥቅልል የሆነ አንባቢ እዚያች መስመር ላይ ስትደርስ «አንቺ» የተባለችው እርሷ እንዳልሆነች ትረዳለች። አንዳንድ ጸሐፊዎች ስለዚህ ከታሪኩ በፊት «አንባቢዋ ጥቁር ናት» ብለው ያስታውቃሉ። «አንባቢዋ ነጭ ናት» ብሎ የሚጀምር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።