ጎንደር ላለች ባለጉዳይ ዓለም አቀፍ ሕግ ምን ይሠራላታል?

«ዓለም አቀፍ ሕግ» ሲባል ብዙ ሰው የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስለዋል። የጎንደር ዳኛ ግን ሊጠቅሰው ይችላል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። በሴቶች ላይ የሚደረግ መድልዎን ለማስወገድ የተደረገውን ስምምነት ደግሞ በ1981 በፈረንጆች አቆጣጠር አጽድቃለች።

አዘዞ ያለች አንዲት ሴት ትዳሯ ፈረሰ እንበል። ቤቱን የሠሩት አብረው ነው፤ ካርታው ግን በባሏ ስም ወጥቷል። ዘመድ «ካርታው የሱ ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይላታል። ይሄ ልክ አይደለም! በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚለው ማስረጃ ያምጣ። ጠበቃዋ የቤተሰብ ሕጉን ይጠቅሳል። ስለ ሴቶች መብት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 እና ባልና ሚስት በንብረት እኩል ናቸው የሚለውን የስምምነቱን አንቀጽ 16 ቢጨምርበት ክርክሩ ይጠነክራል። ዳኛውም አሻሚ ነገር ሲገጥመው ወደ እኩልነት ያዘነበለውን ትርጉም ለመያዝ መሠረት ያገኛል።

ሽማግሌ ቢያስታርቅ ደግ ነው። በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ መዳኘት ግን የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። እሷ እሺ ካላለች ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት መክፈያ ካጣች በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችላለች።