ሰርቮ የሌለው የእሽቅድምድም ትራክ መኪና ፍሬን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን «ሰርቮውን ነቅዬ ልጥለው ነው» የሚለኝ ሰው በዝቷል። እዚህ ዲሲ አካባቢ ሆነን ቅዳሜና እሁድ ሰሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ትራክ ከምንወጣው ልጆች መሃል አሮጌ ማዝዳ ማያታ ወይም ሆንዳ ሲቪክ የገዛ ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው እሱን ሆኗል። እኔም የማያታዬን አውጥቻለሁ፣ ወድጄዋለሁም፣ ግን ስለጉዳዩ የሚወራው ግማሹ ስህተት ነው፣ ፍሬን ላይ ያለ ስህተት ደግሞ ሰው ይጎዳል፣ ስለዚህ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

መጀመሪያ ግን ሰርቮ (ቡስተር የምትሉትም አላችሁ) ምን እንደሆነ እንግባባ። በፔዳሉና በፍሬን ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው) መሃል ያለው ጥቁር ክብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡን የላስቲክ ሽፋን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሞተሩ ከሁለቱም ወገን አየሩን መጦ ያወጣዋል፣ ፔዳሉን ስትረግጡ ከፔዳሉ ወገን የውጭ አየር ይገባና ማስተሩን አብሯችሁ ይገፋል። እግራችሁን ያግዛል እንጂ ሌላ ስራ የለውም።

«ሰርቮ ከወጣ መኪናው ቶሎ ይቆማል።» አይቆምም። «ሰርቮ ከሌለ ፍሬኑ ደካማ ነው» የሚሉትም ልክ አይደሉም። መኪናን የሚያቆመው መጨረሻ ላይ ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም ነው፣ ጎማውን እስከ መቆለፍ ድረስ መርገጥ ከቻላችሁ ሰርቮ ኖረ አልኖረ ያው ነው። ፎርሙላ 1 ላይ የፊት ፍሬኑን የሚሰራው የሹፌሩ እግር ብቻ ነው፣ ከ100 ኪሎ በላይ ይረግጡታል (የኋላው ከ2014 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ይታገዛል)። በ1996 የወጣው የመጀመሪያው ሎተስ ኤሊዝ ከፋብሪካ ሲወጣም ሰርቮ አልነበረውም፣ መኪናው ከ800 ኪሎ በታች ስለሆነ አላስፈለገውም። አዲስ አበባ ስንት ዘመን ያገለገሉን ቮልሶችም አብዛኞቹ ሰርቮ አያውቁም። ታዲያ ትርፉ ምንድነው ካላችሁ ስሜቱ ነው፣ ጎማው ሊቆልፍ ሲል እግራችሁ ስር ይታወቃችኋል፣ በሚሊ ሜትር ለቀቅ ታደርጉለታላችሁ። ለኔ ይሄ ብቻውን ልፋቱን ያወጣዋል።

አሁን ወደ አደገኛው ልምጣ። «ሰርቮውን አውጥቼ ያንኑ ማስተር እዛው ላሜራ (ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ግድግዳ) ላይ አስረዋለሁ፣ ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ ይሰራል።» እስኪ እንስራው። ፔዳሉ 4 ለ 1፣ ማስተሩ 1 ኢንች የሆነ መኪና አለ እንበል። በእግራችሁ 20 ኪሎ ስትረግጡ ፔዳሉ ወደ 80 ያሳድገዋል፣ ሰርቮው ደግሞ 4 እጥፍ ካደረገው ማስተሩ ጋር 320 ኪሎ ይደርሳል፣ የ1 ኢንች ፒስተን ስፋት 5.07 ካሬ ሴንቲ ስለሆነ ካሊፐሮቹ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት) 63 ባር ገደማ ያገኛሉ ማለት ነው። ሰርቮውን ብቻ አውጡትና ያው 20 ኪሎ የሚሰጣችሁ 16 ባር ነው። 63ቱን ለማግኘት 80 ኪሎ መርገጥ ሊኖርባችሁ ነው፣ ያውም በየኩርባው፣ ለ20 ደቂቃ። የረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ይሄንን መረዳት ትርፉ ከትራክ መውጣት ነው።

መፍትሄው ታዲያ ትልቅ ማስተር ነው? እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይገለበጥበታል። ትልቅ ማስተር ፔዳሉን አጭርና ደንዳና ያደርገዋል፣ ያ ደንዳናነት ኃይል ይመስላል፣ ግን ለተመሳሳይ እግር የሚያወጣው ግፊት ያነሰ ነው። ግፊት የሚጨምረው ማስተሩ ሲያንስ ነው። ፔዳሉን 6 ለ 1 አድርጋችሁ ማስተሩን 3/4 ኢንች ብታደርጉት (2.85 ካሬ ሴንቲ) ያንኑ 63 ባር በ30 ኪሎ ታገኙታላችሁ። በጣም ጥሩ፣ ግን ፔዳሉ ስንት እንደሚሄድም ቁጠሩ፣ ያንኑ ዘይት ለመግፋት እግራችሁ ከበፊቱ 2.7 እጥፍ ገደማ መንገድ ይሄዳል፣ ማያታ ውስጥ ወለሉ ጋር ሊደርስ ይችላል። 7/8 ብታደርጉት 41 ኪሎ ይፈልጋል፣ መንገዱ ወደ 2 እጥፍ ይወርዳል። ነገሩ ይሄው ነው፣ ርዝመት ሳይወስድ ኃይል የሚሰጣችሁ ሰርቮው ብቻ ነበር ምክንያቱም ጉልበቱን ከሞተሩ ነው የሚያመጣው። የፔዳል ማንሻና ትንሽ ማስተር ግን የሰጡትን ያህል የፔዳሉን መንገድ ያረዝማሉ። ሸራ መቀየርም ይረዳል፣ የመያዝ አቅሙ 0.40 የሆነውን በ0.50 ብትተኩት በዛው ግፊት ሩብ ያህል ይጨምራል፣ ግን የሬስ ሸራ ሲቀዘቅዝ እንደማይዝ አትርሱ፣ የመጀመሪያውን ዙር ቀስ በሉ።

ሁለት ማስተርና መሃሉ ላይ የፊትና የኋላ ማመጣጠኛ ዘንግ ያለው ፔዳል የምትገዙም እዚህ ጋር ልብ በሉ። «ሁለት 3/4 ማስተር ስላለ በጣም ኃይለኛ ነው» ይባላል፣ ግን የእግራችሁ ኃይል ለሁለት ስለሚካፈል ስሌቱ የሁለቱን ስፋት ደምሮ ነው። ሁለት 3/4 ማለት ከአንድ 1 ኢንች ማስተር ይበልጣል! ለዛ ነው 5/8 ማስተር የሚሸጠው።

«ፔዳሉ ላይ ከፍ አድርጌ አዲስ ቀዳዳ እበሳለሁ፣ አለቀ።» ከ4 ወደ 6 የሚወስዳችሁ ይሄ ስለሆነ ሃሳቡ ልክ ነው፣ ከማጠፊያው እስከ እግር 300 ሚሊ ከሆነ ፑሽሮዱ (ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ) ከ75 ወደ 50 ሚሊ ይጠጋል። ግን ማስተሩም አብሮ ከፍ ማለት አለበት፣ አለበለዚያ ዘንጉ ተንጋዶ ይገፋል፣ ፒስተኑን ወደ ጎን ይበላዋል። ከዛ የባሰው ደግሞ ከሰርቮ ጋር የተሰራ ማስተር ብዙ ጊዜ የፒስተኑ ጉድጓድ ጥልቀት የለውም፣ ፑሽሮዱን የሚይዘው ሰርቮው ስለነበር። ያንን በቀጥታ ከፔዳል ጋር ካገናኛችሁት ዘንጉ ተንሸራቶ ሊወድቅ ይችላል፣ ከወደቀ ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ወይም ዘንጉን በማገጃ የሚይዝ ማስተር ብቻ ግዙ። ስለዚህ ነገር እለምናችኋለሁ።

እኔ የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ፔዳሉ ከላይ እንዲይዝልኝ ብዬ ፑሽሮዱን አስረዝሜ ማስተሩ ላይ አስጠጋሁት፣ ጋራዥ ውስጥ ልዩ ነበር። ትራክ ላይ አራተኛው ዙር ገደማ መኪናው ጋዝ እየሰጠሁት ከበደኝ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ፣ ፒት ስገባ የፊት ቸርኬዎቹ አጠገብ እጅ አያስጠጉም፣ ሸራው ይሸታል። በክሪክ አንስቼ ጎማውን በእጄ ላዞረው ብል አልዞር አለ። ማስተሩ ውስጥ ዘይቱ ሲሞቅና ሲያብጥ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ እኔ ፒስተኑን ገፍቼ ዘግቻታለሁ፣ ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ፍሬኑን ራሱ ያዘው። ዘንጉን ሁለት ዙር ሳሳጥረው ወዲያው ለቀቀ። ከዛ ወዲህ 1 ሚሊ ገደማ ክፍተት ሳላይ አልወጣም።

«ያለ ሰርቮ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው) አይሰራም።» የጂቲ3 ሬስ መኪኖች ሰርቮ የላቸውም፣ ኤቢኤስ ግን አላቸው። ልዩነቱ የነሱ ለዛው የተቀመረ መሆኑ ነው፣ የናንተ የመንገድ መኪና ኤቢኤስ በሰርቮው ግፊት ነው የተቀመረው፣ ስለዚህ ባዶ ቦታ ላይ ቀስ በቀስ ሳትፈትኑ አትመኑት።

የመጨረሻው «ፔዳሉ ሰፍነግ ከሆነ አየር አለበት» የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ዘይቱ ፈልቶ ነው፣ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ከሳበ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። አንዳንዴ ግን ላሜራው ነው። አንድ ሰው ጋቢና ቁጭ ብሎ በሙሉ ጉልበቱ ይርገጥ፣ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ማስተሩን እዩ። የኔ ወደ 3 ሚሊ ወደፊት ይሄድ ነበር፣ ያ ሁሉ ከፔዳሌ መንገድ የተሰረቀ ነው፣ ከማስተሩ ጫፍ እስከ ሾክ መያዣው ድጋፍ ብረት ካሰርኩለት በኋላ ነው የቆመው።