ሐረጎን ሳንጨርስ፦ ስለ ኢ-ለርኒንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከደሴ ብርድ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ እስኪያራግፈን ድረስ ግን የማይነሣ ጉዳይ የለም። ባለፈው ሰሞን የተነሣው ኢ-ለርኒንግ ነበር፤ በኮምፒውተርና በስልክ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማለት ነው። ከፊቴ ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ሁለት ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከጎኔ ደግሞ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ የሰካች ተማሪ። እኔም ስታቲስቲክስ አስተምራለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። ሚኒባስ ውስጥ ነገር አያልቅም፤ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስ።

«ኢ-ለርኒንግማ ጀምረናል፤ ሃንድአውቱን ሁሉ በቴሌግራም ልከናል»

ከኋላዬ ካሉት አንዱ ነው ያለው፤ ያውም በኩራት። ሃንድአውት በስልክ መላክ ጥሩ ነው፤ ሌላው ቢቀር የፎቶ ኮፒ ቤቱን ሰልፍና ወጪ ያስቀራል። ትምህርቱ ግን አልተነካም። ድሮ በወረቀት ተቀብሎ በፈተና ዋዜማ ያነብ የነበረ ተማሪ አሁን በስልክ ተቀብሎ በፈተና ዋዜማ ያነባል። ሪቻርድ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታችም የውጭ አገር ነገር ሳነሣ አቆጣጠሩ ይኸው ነው) የትምህርት መሣሪያ ሸቀጥ እንደሚያመላልስ መኪና ነው፣ መኪናው የጫነውን ምግብ አይለውጠውም ሲል ተከራክሮ ነበር። ወደ እኛ ሲመለስ፣ ጤፉ በአይሱዙ መጣ በአህያ መጣ እንጀራው ያው ነው።

ለውጥ የሚመጣው ተማሪው አንብቦ ከማለፍ ይልቅ አንድ ነገር እንዲሠራ ሲጠየቅ ነው። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት አደረጉ፤ ሌላውን ግን ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን እንዲጽፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት ደግመው ያነበቡትን በተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ግን ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ፣ ዘግተው ከጻፉት 56 ከመቶ ያህሉ አልጠፋባቸውም። የኢ-ለርኒንግ ሥርዓት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ አምስት ጥያቄ ታስቀምጣለህ፤ ተማሪው ሲሳሳት ሥርዓቱ ምክንያቱን ወዲያው ይነግረዋል፤ እንደገና ይሞክራል፤ አንተም ክፍሉ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተደናቀፈ ጠዋት ከመግባትህ በፊት ታያለህ። ቴሌግራም ላይ የተወረወረ ፋይል ይህን አያደርግም።

«ፕላዝማን አይተነዋል፤ ይህም ያው ነው»

ጡረተኛው መምህር ናቸው። ቁስሉ አልሻረላቸውም፤ አልፈርድባቸውም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ሲሰቀል ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የሚቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። «ስማኝ ልጄ» አሉኝ ወደ ኋላ ዞረው፤ «ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን ሒሳብ ከተማሪ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። ልጁ ይጠይቀኛል፤ ያኛው አይቆምም። እኔ መልሼ ሳልጨርስ እሱ ሌላ ርዕስ ገብቷል። መብራት ከሄደማ የዚያን ቀን ትምህርት ተመልሶ አይመጣም።»

ልዩነቱ ራሳቸው በነገሩኝ ውስጥ አለ፤ ፕላዝማው አይቆምም ነበር። ተቀርጾ ስልክ ላይ የተቀመጠ ትምህርት ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መብራት ሲመጣ ይቀጥላል። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ታዲያ የሚቀርጸው ማን ነው?» አሉ። ከሁሉም ጥያቄ ዋናው ይህ ነው። ሌላ ቦታ ተሰፍቶ ያለቀለት ትምህርት ከላይ የሚወርድ ከሆነ ፕላዝማው በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው፤ የእሳቸውም ፍርሃት ልክ ነው። ተማሪውን የሚያውቀው መምህር ራሱ በገዛ ድምፁ፣ በገዛ ምሳሌው ካዘጋጀው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«ችግሩ ኔትወርክ ብቻ ነው»

ኔትወርክ ችግር አይደለም የሚል ካለ ሐረጎ ላይ ስልክ ደውሎ ይሞክር። መብራቱም ይቆራረጣል። ከዚያም በላይ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮቹና የቤተ ሙከራ ዕቃዎቹ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ይህን ረስቶ ስለ ዲጂታል ትምህርት መስበክ ያሳፍራል።

ስህተቱ «ብቻ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚጠቀሙበትን ሙድል የተባለውን ነጻ የኢ-ለርኒንግ ሥርዓት የሠራው ማርቲን ዱጂያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው በ2002 ነው። ሰውየው ያደገው ከከተማ እጅግ በራቀ የበረሃ ሰፈር ሲሆን በልጅነቱ የተማረው መምህሩን በአጭር ሞገድ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። የርቀት ትምህርትን ነገር የተረዳው ፈጣን መስመር ባለበት ቢሮ ውስጥ ሆኖ አይደለም።

ከጎኔ ያለችውን ልጅ ምን እንደምትሰማ ጠየቅኋት። መምህሯ ስለ ናሙና አወሳሰድ የቀረጸው የ8 ደቂቃ ድምፅ ነው፤ ግቢ ውስጥ በዋይፋይ አውርዳዋለች። እንዲህ ያለ ድምፅ 4 ሜጋባይት ቢሞላ ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት ሌክቸር በቪዲዮ ቢሆን ግን በቀላሉ 300 ሜጋባይት ያልፋል፤ ከቤተሰብ የካርድ ገንዘብ ለሚጠብቅ ተማሪ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። ኔትወርክ በደከመበት አገር ትምህርቱን አሳጥሮ፣ በድምፅና በጽሑፍ ማዘጋጀት የመምህሩ ሥራ ነው። በተቃራኒው ፈጣን መስመር በገባበት ቦታ ባዶ የኮርስ ገጽ አይቻለሁ፤ የኮርሱ ስም፣ የመምህሩ ስም፣ ከዚያ በታች ነጭ። ያንን ኔትወርክ አላነጣውም።

«ባህላችን አይፈቅድም፤ ተማሪያችን ከአፍ ካልሰማ አይገባውም»

የትኛው ባህል? ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለምና ቅኔ ቤቱን እንመልከት። መምህሩ የግእዝ ግስ ያስይዛል፣ አርአያ የሚሆን ቅኔ ይሰጣል። ተማሪው ቀኑን ከሰው ተለይቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ያዘጋጃል። ከዚያ ይነግራል፤ መምህሩ ወይም አስነጋሪው፣ ማለትም ቀድሞ የተማረው ተማሪ፣ ያርመዋል። ጉባኤ ቃና (አጭሩ፣ የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት) ያልሆነለት ወደ ቀጣዩ፣ ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም፤ የሆነለት ደግሞ ባልንጀራውን አይጠብቅም።

የወሎ ደረሳም (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) እንዲሁ ነው። አንድ ሸኽ ዘንድ ሃያ ደረሳ ቢሰበሰብ ሃያውም አንድ ገጽ ላይ አይገኝም። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ኪታብ ሸኹ ፊት ይቀራል፣ ማለትም ያነባል፤ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) የጨረሰው ነህው (የዓረብኛ ሰዋስው) ፍለጋ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ሌላ ሸኽ ይሄዳል። ለአዲስ መሣሪያም ባይተዋር አልነበሩም፤ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን የጻፉት በዓረብኛ ፊደል ነው። በእጅ ያለውን ፊደል ለገዛ ቋንቋ አዋሉት።

በየራስ ፍጥነት መሄድ፣ ዕለት በዕለት መፈተን፣ ከቀደመ ተማሪ መማር፣ ሳይሆንለት አለማለፍ፦ የኢ-ለርኒንግ ባለሙያዎች ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚሰብኩት ይህንኑ ነው። (በቃል መያዝም፣ የመምህር አርጩሜም ነበር፤ አልክድም።) «ባህላችን» እያልን የምንከላከልለት ግን ይህን አይደለም። የምንከላከልለት መምህሩ ቆሞ የሚያጽፍበትን፣ ስልሳ ሰው አቀርቅሮ የሚጽፍበትን ክፍል ነው፤ ይህ ደግሞ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ልማድ ነው።

ልማዱ እኔንም ይዞኝ ነበር። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ጥያቄ አለ?» እላለሁ፤ ዝም ይላሉ፤ ገብቷቸዋል ብዬ እወጣለሁ። አንድ ሰሞን ጥያቄያቸውን በኮርሱ ገጽ ላይ እንዲጽፉ አደረግሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ ጻፈች፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የዛሬው ምሳሌ ላይ ናሙናው 10 ስለሆነ ለ9 መካፈል አልነበረበትም?» ትላለች። ልክ ነበረች፤ የናሙናን ቫሪያንስ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን፣ ከናሙናው ብዛት አንድ ቀንሼ ለ9 ማካፈል ሲገባኝ ለ10 አካፍዬዋለሁ። ስልሳው ሁሉ እንዳለ ገልብጦታል። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታ ብትናገረው መምህርን ማዋረድ ይሆንባት ነበር። ለማረም እስከ ጠዋት አልጠበቅሁም፤ ደግሞም ቆንጥጦኛል፤ ስንት ዓመት ለ10 ሳካፍል ኖሬ ይሆን?

«የዘመኑ ልጅ ስልክ ይዞ የተወለደ ነው፤ ማስተማር አያስፈልገውም»

ስልክ መነካካትና በኮምፒውተር መማር የተለያዩ ናቸው። ቪዲዮ ቆርጦ የሚቀጥል ልጅ ፋይል የት እንዳስቀመጠ ሲጠፋበት፣ በኢሜይል ማያያዝ ሲያቅተው አይቻለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው በኮምፒውተር ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። አራትና አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ጥያቄ በኮምፒውተር ሳያስመልሱት ያን ቀን ማውዝ ማስጨበጥ ግፍ ነው።

«ለኩራጅ ሠርግና ምላሽ ነው»

ኩረጃ ኮምፒውተርን አልጠበቀም። የቡድን አሳይመንት አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን የሚያስገቡበት ከሆነ ስንት ዘመኑ። ጥያቄ ሲጽፉለት መልሱን የሚጽፈው ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ዘርዝር»፣ «ትርጉሙን ጻፍ» የሚል ጥያቄ የሚሰጥ መምህር የሚፈትነው ተማሪውን አይደለም፤ እርግጥ ነው። መድኃኒቱ ግን ወደ ወረቀት መሸሽ አይመስለኝም። እኔ ተማሪዎቼን ገበያ እልካቸዋለሁ፦ ሠላሳ የሽንኩርት ዋጋ ከሠላሳ ሻጭ ጠይቃችሁ አምጡ፣ አማካዩንና ልዩነቱን አስሉ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ አስረዱኝ። ሽንኩርት ሻጯን ያላናገረ አስተያየቷን ሊነግረኝ አይችልም። ሙድል ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ተማሪ በተለያየ ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ የጎረቤት መልስ አይጠቅምም።

«መምህር ያርፋል፤ ኋላም አያስፈልግም»

ያረፈ አላየሁም። ሃርቫርድና ኤምአይቲ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓለም በነጻ የከፈቷቸው የኢንተርኔት ኮርሶች ላይ በ2019 በወጣ ጥናት መሠረት በ2017 እና 2018 ከተመዘገበው ሰው የጨረሰው ከመቶ 3 ያህሉ ነው። ትምህርቱ ሞልቷል፤ የሚጠይቅ፣ የሚቆጣ፣ የሚያርም ሰው ነው የጎደለው።

«የኢንተርኔት ዲግሪ ማን ይቀበለዋል?»

ይህ ሁለት ነገር ያቀላቅላል። ግቢ ውስጥ የሚማር ተማሪ ከትምህርቱ ከፊሉን በኢንተርኔት ቢማር ዲግሪው ያው የግቢው ዲግሪ ነው። ሙሉ በሙሉ በርቀት ስለሚሰጠው ከሆነ ደግሞ፣ ዩኒሳ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ1946 ጀምሮ በርቀት ያስተምራል፤ ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት በ1989፣ እስር ላይ ሳሉ፣ ከዚያው ነው። ጥርጣሬው ከየትም አልመጣም፤ ሞጁል በትኖ፣ ገንዘብ ሰብስቦ ወረቀት ያደለ ኮሌጅ በአገራችን ታይቷል። ያስጠላን ግን ርቀቱ አልነበረም፤ ያልታረመ አሳይመንትና ያልተፈተነ ተማሪ እንጂ። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦም ይህ ይሆናል።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሙቀቱ ሲጀምር ጡረተኛው መምህር ዞረው ልጅቱን «እስኪ ይህ የምትሰሚው ምንድን ነው?» አሏት። አንደኛውን ማዳመጫ ጠርጋ ሰጠቻቸው። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ሰሙ።

«ፈጠነብኝ» አሉ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፤ «እንደዚያኛው ነው።»

«አብሽሩ ጋሼ፣ ይቆማል» አለቻቸው፤ ስልኩን ወደ እሳቸው አስጠግታ የት እንደሚነኩ አሳየቻቸው።