የብሪታንያ አትሌቶች የሚያገኙት የሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ ነው?

አይደለም። የአገሪቱን ከፍተኛ ደረጃ ስፖርት የሚደጉመው የመንግሥት ተቋም፣ ዩኬ ስፖርት፣ ከብሔራዊ ሎተሪና ከመንግሥት የሚያገኘው ገንዘብ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ለፌዴሬሽኑ ተሰጥቶ ለአሰልጣኝ፣ ለሕክምና፣ ለልምምድ ካምፕ ይውላል፤ አትሌቱ በእጁ አይነካውም። ሌላው በቀጥታ ለአትሌቱ የሚከፈል የኑሮ መደጎሚያ ነው፤ መጠኑ እንደ ደረጃው ይለያያል። ሁለቱን ደምሮ «ይህን ያህል ተከፈለው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ይበልጥ የሚያደናግረው የሕጉ ጎን ነው። ብስክሌተኛዋ ጄስ ቫርኒሽ ከብሪታንያ የብስክሌት ቡድን ከወጣች በኋላ «ተቀጣሪ ነበርኩ» ብላ ከሰሰች። የሥራ ክርክር ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2019 አልተቀበላትም፤ ድጋፉን ለተማሪ ከሚሰጥ ድጎማ ጋር አመሳሰለው። ይግባኟም በ2020 ውድቅ ሆነ። ስለዚህ ከዚህ የድጋፍ ፕሮግራም የተቀነሰ አትሌት እንደ ሠራተኛ «ያለአግባብ ተሰናበትኩ» ብሎ መክሰስ ይከብደዋል።