የዓለም ጁኒየር ፊገር ስኬቲንግ ሻምፒዮና፦ ከሜዤቭ እስከ ደብረፀን

የዓለም ጁኒየር ፊገር ስኬቲንግ ሻምፒዮና ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት፣ ማለትም አይኤስዩ፣ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የታዳጊዎች ትልቁ ውድድር ነው፣ ፊገር ስኬቲንግ ማለት በረዶ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ መዝለልና መሽከርከር ነው። አሁን አሁን ብዙ ጊዜ በእኛ የካቲት ላይ ይውላል። በወንድ ነጠላ፣ በሴት ነጠላ፣ በጥንድ እና በአይስ ዳንስ (ሁለት ሆነው በረዶ ላይ የሚደንሱት) ነው የሚወዳደሩት፣ ነጠላዎቹ 13 የሞላቸው 19 ያልደፈኑ መሆን አለባቸው፣ ለጥንዶቹና ለዳንሰኞቹ ዕድሜው ትንሽ ላላ ይላል። በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላጣሁት ነው ይሄን የጻፍኩት፣ ውድድሩን በላይቭ መከታተል የጀመርኩት ደግሞ ከ2010 ወዲህ ስለሆነ የዛ ዘመን ወሬ ይበዛበታል፣ ቻሉት። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም፣ "በእኛ" ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ ናቸው።

አሠራሩ ከአዋቂዎቹ ብዙም አይለይም። መጀመሪያ ሾርት ፕሮግራም አለ፣ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ከዛ በነጠላ የመጀመሪያዎቹ 24 ብቻ ወደ ፍሪ ስኬት ያልፋሉ። ፍሪው 3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፣ የሁለቱ ነጥብ ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። ኳድ፣ ማለትም አየር ላይ አራት ጊዜ ዞሮ ማረፍ፣ ለጁኒየር በሾርት አይፈቀድም፣ በፍሪ ግን የቻለ ይሞክራል። አንድ ሀገር በየዘርፉ እስከ 3 ተወዳዳሪ መላክ ይችላል፣ ቁጥሩን የሚወስነው ያለፈው ዓመት ውጤት ነው፣ ስለዚህ ዘንድሮ አንዱ ልጅ ሲወድቅ ለከርሞ የጓደኛውንም ቦታ ይዞ ነው የሚወድቀው።

የተጀመረው 1976 ላይ ሜዤቭ በምትባል የፈረንሳይ የተራራ ከተማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት "የዓለም" የሚለው ስም አልነበረውም፣ 1978 ላይ ነው የተጨመረው፣ ቆጠራው ግን ከ1976 ነው የሚጀምረው፣ እኔም ልክ ነው ባይ ነኝ። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በዛ ዘመን ብዙ ጊዜ ውድድሩ የሚካሄደው በኅዳርና ታኅሣሥ ነበር፣ ዋንጫው ግን በሚቀጥለው ዓመት ይጠራል። ለምሳሌ አሜሪካዊቷ ክሪስቲ ያማጉቺ የ1988ን ያሸነፈችው ታኅሣሥ 1987 ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ ላይ ነው፣ ያውም በነጠላም ከሩዲ ጋሊንዶ ጋር በጥንድም! 1992 ላይ ኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ፈረንሳዊቷ ጥቁር ስኬተር ሱሪያ ቦናሊ የ1991 ሻምፒዮን ናት፣ አሜሪካዊቷ ሚሼል ኩዋን ደግሞ የ1994።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ዋናው ታሪክ እስያ ነው። 2005 ኪችነር ላይ ጃፓናዊቷ ማኦ አሳዳ ወርቅ፣ ኮሪያዊቷ ዩና ኪም ብር፣ 2006 ሉብሊያና ላይ ተገለበጠ፣ ኪም ወርቅ አሳዳ ብር። 2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የጨረሱት። መሀል ላይ አሜሪካኖች 2007 እና 2008 በሴቶች ሶስቱንም ሜዳሊያ ጠራርገው ወስደዋል። 2010 ሄግ ላይ በወንድ ያሸነፈው ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ ነው፣ በኋላ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው።

ከዛ የሩሲያ ሴቶች መጡ። 2013 ሚላን ሶስቱም መድረክ፣ 2014 ሶፊያ እንደገና ሶስቱም። 2017 ታይፔ ላይ አሊና ዛጊቶቫ በ208.60 ነጥብ አሸነፈች፣ በዓመቱ የኦሎምፒክ ወርቅ አንገቷ ላይ ነበር። እንደ 2018 ሶፊያ ግን የለም። አሌክሳንድራ ትሩሶቫ 13 ዓመቷ ነው፣ ፍሪዋን በኳድ ሳልኮ ከፈተች (ሳልኮና ቶሉፕ የዝላይ ዓይነቶች ናቸው)፣ አረፈች፣ ሰው ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ኳድ ቶሉፕ ደገመች፣ እሱንም አረፈች። ኳድ ቶሉፕ በሴት ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር፣ ሳልኮውን ግን ጃፓናዊቷ ሚኪ አንዶ 2002 ላይ በጁኒየር ግራንድ ፕሪ (ሌላው የታዳጊዎች ውድድር) ፍጻሜ ቀድማ ሠርታዋለች፣ ይሄ ሲረሳ ያናድደኛል። ሕጻን ልጅ ኳድ መዝለሏ ጥሩ ነው ወይ የሚለው እስከዛሬ ያጨቃጭቃል፣ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ነው የሚዞርላት፣ በኋላ ወገቧና እግሯ ይከፍላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ትሩሶቫ ራሷ ግን ቤይጂንግ 2022 ኦሎምፒክ ላይ በአንድ ፕሮግራም አምስት ኳድ አርፋ ብር ወስዳለች።

በወንዶች እኔ ሁሌ የማወራው 2016 ደብረፀንን ነው፣ ስሙ የእኛን ደብር ይመስላል እንጂ የሀንጋሪ ከተማ ነው። የእስራኤሉ ዳንኤል ሳሞሂን ከሾርቱ በኋላ 9ኛ ነበር፣ ማንም የቆጠረው አልነበረም፣ ፍሪው ላይ አንደኛ ወጥቶ ስምንቱን ተሻግሮ ወርቁን አነሳ። አሰልጣኙ አባቱ ነበር። ለእስራኤል በአይኤስዩ ሻምፒዮና የመጀመሪያው ወርቅ ነው።

የ2021ዱ በኮሮና ተሰረዘ። የ2022ቱ ሶፊያ ላይ መሆን ነበረበት፣ ወደ ኢስቶኒያ ታሊን ዞሮ ሚያዝያ ላይ ተካሄደ፣ የዩክሬን ጦርነት ስለጀመረ ሩሲያና ቤላሩስ ታግደው ነበር። እገዳው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ልተወው፣ ያለ እነሱ ውድድሩ ቀሏል የሚሉትን ግን ታሊንን እዩ ነው የምላቸው። አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን በ276.11 ነጥብ አንደኛ፣ የካዛኪስታኑ ሚካይል ሻይዶሮቭ ሁለተኛ፣ 2025 ቦስተን ላይ በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮናም እነዚሁ ሁለቱ አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። የዛኑ ሰሞን ቦስተን ላይ በሴቶች ያሸነፈችው አሊሳ ሊዩም 2020 ታሊን ላይ የጁኒየር ነሐስ ነበረች።

የአሁኑን መልኩን የሰጠው ግን የዕድሜ ሕጉ ነው። ቤይጂንግ ላይ የ15 ዓመቷ ሩሲያዊት ካሚላ ቫሊዬቫ፣ የ2020 የጁኒየር ሻምፒዮን፣ የዶፒንግ ጉዳይ ከፈነዳ በኋላ አይኤስዩ ሰኔ 2022 ታይላንድ ፑኬት ላይ 100 ለ16 በሆነ ድምፅ የአዋቂዎቹን መነሻ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 አሳደገ፣ በሁለት ደረጃ። ከዛ በፊት ጎበዝ ልጅ በ15 ዓመቷ ጥላን ትሄድ ነበር፣ አሁን እዚሁ ትቆያለች፣ ለእኛ ጁኒየር ለምንወድ ሰዎች ሠርግና ምላሽ ነው፣ ለልጆቹ ግን አላውቅም ብሎ ዝም ከማለት ይልቅ ጃፓናዊቷን ማኦ ሺማዳን ማየት ይሻላል። የተወለደችው ጥቅምት 30 ቀን 2008 ነው፣ ለሚላን 2026 ኦሎምፒክ ከሐምሌ 1 ቀን 2025 በፊት 17 መሙላት ነበረባት፣ በአራት ወር አመለጣት። እሷ ግን 2023 ካልጋሪ፣ 2024 ታይፔ፣ 2025 ደብረፀን በተከታታይ አሸንፋ በሴቶች ሶስቴ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሆናለች።

ሶስቱንም ጊዜ ከአጠገቧ ሁለተኛ ቆማ ፎቶ የተነሳችው አንድ ልጅ ናት፣ ኮሪያዊቷ ጂያ ሺን። እሷ 2022 ታሊን ላይም ብር ነበረች፣ ያኔ ወርቁን አሜሪካዊቷ ኢዛቦ ሌቪቶ የወሰደችባት በ0.54 ነጥብ ነው።